መሪው ሲዞር ሞተሩ የሚጠፋበት ምክንያት

ከሥራ ውሎ ተመልሶ መኪናውን በጠባብ ስፍራ ሊያቆም የሚሞክር ሰው፣ ፍጥነቱን ቀንሶ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ወገን ባዞረ ጊዜ፣ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ በጸጥታ ይሠራ የነበረው ሞተር ድንገት ድምፁ ቢሰምጥ፣ አካሉ ቢንቀጠቀጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ቢጠፋበት፣ አሳቡ አስቀድሞ ወደ ነዳጁ፣ ቀጥሎም ወደ ካንዴላውና ወደ ባትሪው ይሄዳል እንጂ፣ በመሪው ፓምፕ ወይም በዘይቱ ቱቦ ላይ ተሰክታ ስለምትኖር፣ ከአውራ ጣት እምብዛም ስለማትበልጥ ትንሽ ዕቃ ከቶ አያስብም። ይህችም ዕቃ የፓወር ስቲሪንግ ግፊት ሴንሰር የምትባለው ናት። ብልሽቷ ብቻውን መኪናን ገደል የሚሰድ ወይም ሞተርን የሚያቃጥል አይደለም፤ ነገር ግን ጠባይዋን የሚያውቅ ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ እርሷ ስታጠፋ ደኅናው ፓምፕ ሲወልቅ፣ ሌላው ሲያጠፋ ደግሞ እርሷ ያለ በደሏ ተነቅላ ስትጣል፣ ባለመኪናውም ለአንድ በሽታ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲከፍል ማየት የዘወትር ነገር ሆኖአል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም፣ ገንዘቡን በላብ የሚያገኝ ሰው በጥቂት ደቂቃ ምርመራ ሊታወቅ ስለሚችል ነገር ያን ያህል ሲጐዳ ማየቴ ነው።

መሪን በዘይት ግፊት የማቅለል ጥበብ የቈየ ነው። ፒርስ አሮው በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የከባድ መኪና ክፍል ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ፣ የጭነት መኪና ነጂዎች መሪ ለመጠምዘዝ የሚያወጡትን ጕልበት ተመልክቶ፣ ሥራውን ትቶ በራሱ ጥረት የሠራውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1926 ለማሳየት በቃ፤ ፋብሪካዎቹ ግን ወጪውን ፈርተው ለብዙ ጊዜ ስላዘገዩት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጦር ተሽከርካሪዎች ላይ ካገለገለ በኋላ፣ ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት አውቶሞቢል ላይ የዋለው ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ኢምፔሪያል ነው። ዛሬ በመንገዳችን ላይ የምናያቸው የዘይት መሪ ያላቸው ኮሮላዎች፣ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች የሚሠሩት በዚያው መሠረተ አሳብ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ፓምፕ ከቋቱ ዘይት እየሳበ በወፍራም ቱቦ ወደ መሪው ሳጥን ይልካል፤ መሪው ቀጥ ብሎ ሲቆም ዘይቱ የሚገፋው ነገር ስለሌለ በዝቅተኛ ግፊት ዞሮ ወደ ቋቱ ይመለሳል፤ ነጂው መሪውን ባዞረ ጊዜ ግን በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቫልቭ ዘይቱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ወገን ስለሚመራው፣ ዘይቱ ጎማዎቹን ለመግፋት ይጨናነቃል፣ ግፊቱም ያድጋል። መኪናው ቆሞ፣ ጎማውም አስፋልቱን ነክሶ ሳለ መሪው እስከ መጨረሻው ቢጠመዘዝ፣ በቤት አውቶሞቢሎች ዘንድ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ባር፣ ጎማ በምንለካበት መለኪያ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይደርሳል፤ የጎማ ነፋስ 30 እና 35 መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ የኃይሉን መጠን ከዚህ ይገምት። ይህ ሁሉ ኃይል የሚመነጨው ከሞተሩ ነው። በጉዞ ላይ ያለ ሞተር ይህን ሸክም አይሰማውም፤ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ፣ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ጊዜ ያህል ብቻ እየዞረ ያለ ሞተር ግን፣ ነዳጅና አየር ካልተጨመረለት በቀር ሸክሙ ሲወድቅበት ይንበረከካል።

እንግዲህ የሴንሰሯ ተልእኮ ይህን ሸክም አስቀድሞ መናገር ነው። የዘይቱ ግፊት ከፍ ሲል ለሞተሩ ኮምፒውተር ምልክት ትልካለች፤ ኮምፒውተሩም ምልክቱን ተቀብሎ አየሩንና ነዳጁን ጥቂት ከፍ በማድረግ ሞተሩ እንዳይጠፋ ይደግፈዋል። በአሠራሯ ሁለት ዐይነት ናት። አንደኛይቱ ከተወሰነ ግፊት በላይ ሲደርስ የምትዘጋ ወይም የምትከፈት ስዊች ብቻ ስትሆን፣ አንድ ወይም ሁለት ሽቦ አላት፤ ባለ አንድ ሽቦዋ ኔጌቲቩን የምታገኘው ከራሱ ከፓምፑ ብረት ነው። ሁለተኛይቱ የግፊቱን መጠን በየደረጃው የምትለካ ባለ ሦስት ሽቦ ናት፤ በአንደኛው ሽቦ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይመጣላታል፣ ሁለተኛው ኔጌቲቭ ነው፣ በሦስተኛው ደግሞ መልእክቷን ትልካለች፤ መልእክቱም በብዙዎቹ መኪኖች ግፊቱ ዝቅ ሲል ወደ ግማሽ ቮልት፣ ግፊቱ እጅግ ሲያድግ ወደ 4 ቮልት ተኩል ይቀርባል። መርማሪው የትኛዋ እንደሆነች ሳይለይ መለኪያውን ቢያነሣ፣ ደኅናዋን ብልሹ፣ ብልሹዋንም ደኅና ማለቱ አይቀርም።

በደጋ አገር የሚኖር ነጂ ይህን ነገር በተለይ ልብ ሊለው ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን የሚተነፍሰው አየር ስለሚቀንስበት፣ ሚኒሞውን ለመያዝ ብቻ የአየር መግቢያውን ከወትሮው አስፍቶ መክፈት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በቈላ አገር ቢሆን ሞተሩን ጥቂት አንቀጥቅጦ ያልፍ የነበረው የሴንሰር ጕድለት፣ በእንጦጦ ሥር ሞተሩን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት አንድ ትልቅ ስሕተት መታረም አለበት፤ ይኸውም መሪው የከበደበት ሰው ሁሉ ሴንሰር ተበላሸብኝ ማለቱ ነው። ሴንሰሯ ግፊትን ታያለች፣ ያየችውንም ትናገራለች እንጂ ግፊትን አትፈጥርም፤ ስለዚህ እርሷ ብትሞት መሪው በዘይት በሚሠሩት በአብዛኞቹ መኪኖች እንደ ቀድሞው ቀላል ሆኖ ይቀራል፣ የሚቸገረው ሞተሩ ነው። መሪው ራሱ ከከበደ፣ ወይም ሲዞር እንደሚያቃስት ዐይነት ድምፅ ከሰጠ፣ ነገሩ የዘይት ማነስ፣ የቺንጋ መላላት፣ ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር፣ ወይም የፓምፑና የሳጥኑ እርጅና ነው። መሪው ቀላል ሆኖ ሞተሩ ብቻ ከሰመጠ ግን ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሯና ወደ ሽቦዎቿ ይመለሳል።

ይህም ቢሆን ችኰላ አያስፈልግም። መኪናውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ መሪውን ሳይነኩ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ወይም የፊት መብራቱን ማብራት ነው፤ ያን ጊዜም ሞተሩ እንደዚሁ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ጥፋቱ በሚኒሞው ሥርዐት፣ ማለትም በጥቀርሻ በተዘጋ አየር መግቢያ፣ በሚኒሞ መቈጣጠሪያው ቫልቭ ወይም አየር በሚያሾልክ ቱቦ ላይ ስለሆነ፣ የመሪው ሴንሰር በአዲስ ብትለወጥም ለውጥ አይመጣም። ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ባለመኪናው ራሱ ሊያደርገው የሚችል ፈተና ይህ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበትም እርሱ ነው።

የሞተሩ የማስጠንቀቂያ መብራት በዚሁ ጥፋት ምክንያት በዳሽቦርዱ ላይ ከበራ፣ ስካነር የተሰካለት ኮምፒውተር ከ ፒ 0550 እስከ ፒ 0554 ካሉት ቍጥሮች አንዱን ይሰጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአገሯ በሚሸጡ አውቶሞቢሎች ሁሉ ላይ እንዲኖር ካዘዘችው የምርመራ ሥርዐት ወዲህ፣ እነዚህ ቍጥሮች በየፋብሪካው አንድ ዐይነት ትርጓሜ አላቸው። 0550 የሴንሰሯ የኤሌክትሪክ መስመር ጕድለት አለበት ማለት ነው፤ 0551 መልእክቱ ቢደርስም ከመኪናው ሁኔታ ጋር አይስማማም ማለት ነው፤ ለምሳሌ መኪናው በቀጥተኛ መንገድ እየከነፈ ሳለ መሪው እስከ መጨረሻ የተጠመዘዘ ያህል ከፍተኛ ግፊት ለኮምፒውተሩ ቢነገረው፤ 0552 የመልእክቱ ቮልት ከሚገባው በታች መውረዱን፣ 0553 ከሚገባው በላይ መውጣቱን፣ 0554 ደግሞ ምልክቱ እየመጣ እየጠፋ መሆኑን ያመለክታሉ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ሴንሰሯን ለውጥ አይልም። ቍጥሩ የሚናገረው ስለ መስመሩ ነው፤ መስመሩም ሴንሰሯን፣ ሶኬቱን፣ ሽቦዎቹንና ኮምፒውተሩን ያጠቃልላል። ስለዚህ ቍጥሩን እንደ ክስ መቀበል ይገባል፤ ክስ የቀረበበትም ሁሉ ምስክር ሳይሰማበት አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው ምስክር ዐይን ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ የዘይቱ ቋት ይታያል፤ በቋቱ ላይ ለቀዝቃዛና ለሞቀ ዘይት ሁለት መስመር ስላለ፣ ሞተሩ የቈመበትን ሁኔታ አይቶ መለካት ያስፈልጋል። ዘይቱ አረፋ ከያዘ አየር ገብቶበታል፤ ጠቍሮ የመቃጠል ሽታ ከሸተተ አርጅቷል፤ ዘይት በተጓደለበት ቋት ላይ የሚደረግ የግፊት ምርመራም ከንቱ ድካም ነው። ዐይነቱንም ፋብሪካው እንዳዘዘው መጠበቅ ግድ ነው፤ ቶዮታዎች በአብዛኛው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሆነውን ቀዩን ዴክስሮን ሲቀበሉ፣ ሆንዳ የራሱን ዘይት ይፈልጋል፣ ከኤውሮፓ መኪኖችም ብዙዎቹ አረንጓዴውን ይጠይቃሉ፤ ያለ ዐይነቱ የተጨመረ ዘይት የጎማ ማኅተሞቹን እያበላሸ ፍሳሽ ያመጣል።

ከዚያ በኋላ ሶኬቱ ይነቀላል፤ በዚህ ስፍራ ብዙ መቈየት ይገባል፣ ከጥፋቱ ብዙው የሚገኝ እዚህ ነውና። በአንድ ጋራዥ ቆሜ ስመለከት፣ ፓምፑ ተለውጦላት መብራቷ ሊጠፋ ያልቻለ አንዲት ኮሮላ ለአንድ አረጋዊ ኤሌትሪሺያን ቀርባ ነበር። እኒያ ሰው ስካነሩን ከማንሳታቸው በፊት የሴንሰሯን ሶኬት ነቅለው በነጭ ጨርቅ ጫፍ ውስጡን ጠረጉት፤ ጨርቁ ቀይ ዘይት ይዞ ወጣ። ቀጥለውም ከሶኬቱ አንድ ክንድ ያህል ርቀው የሽቦውን ላስቲክ በጥቂቱ ላጡና በጥፍራቸው ጫን ቢያደርጉት፣ ከመዳቡ ክሮች መካከል ዘይት ጠብ አለ፤ ረዳታቸውንም፣ «ልጄ፣ ዘይቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ራሱ ያሳይሃል» አሉት። በእርግጥም ሴንሰሯ ውስጧ ሲሰነጠቅ በግፊት ያለው ዘይት በእርሷ አልፎ ወደ ሶኬቱ ይገባል፣ ከዚያም በሽቦው ልባስ ውስጥ እየተሳበ ሩቅ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ በሶኬት ውስጥ ዘይት የተገኘ እንደሆነ ሴንሰሯ ጥፋተኛ መሆኗ ያለ ሌላ መለኪያ ተረጋግጧል፤ ነገር ግን እርሷን ብቻ ለውጦ ዘይት የጠጣውን ሽቦና ሶኬት ሳያጸዱ መተው ሥራውን በእኩሌታው ማቋረጥ ነው።

ሁለተኛው የሶኬት ጠላት ውሃ ነው። በላቫጆ ሞተሩን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማሳጠብ ልማድ ሆኖአል፤ ውሃውም የሶኬቱ ማኅተም በላላበት በኩል ገብቶ ስለሚቀር፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመዳቡ ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። መብራቱ በታጠበ ማግሥት በርቶ ሲደርቅ የሚጠፋበት፣ ቍጥሩም 0554 የሆነበት መኪና፣ ዕቃ ከመግዛት አስቀድሞ ሶኬቱ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ታጥቦ ሊደርቅለት ይገባል። አይጥ የቀረጠፋቸው፣ ከጋለ የጭስ ማውጫ ጋር ተነካክተው የቀለጡ ሽቦዎችም የሚታዩት በዚሁ ፍተሻ ነው።

ዐይን ጥፋት ካላገኘ መለኪያ ይናገር። ስካነሩ የሴንሰሯን መልእክት በቀጥታ የሚያሳይበት ገጽ ስላለው፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ አንድ ሰው መሪውን ቀስ ብሎ ወደ ዳር ሲያዞር፣ ሌላው ገጹን ይመለከታል፤ በስዊች ዐይነቷ ላይ ጽሑፉ ከጠፋ ወደ በራ ይለወጣል፣ በባለ ሦስት ሽቦዋ ላይ ደግሞ ቍጥሩ ከመሪው ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዞ ከአምስት ሰከንድ በላይ መያዝ ግን ፓምፑን አሙቆ ስለሚጐዳ ክልክል ነው።

ገጹ ላይ ለውጥ ከሌለ መልቲሜትሩ ይነሣል። ባለ ሦስት ሽቦዋ ከሆነች፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሣ፣ በመጋቢው ሽቦና በኔጌቲቩ መካከል 5 ቮልት ያህል መገኘት አለበት። 5 ቮልቱ ከሌለ ሴንሰሯ ንጽሕት ናት፤ ሽቦው ተቈርጧል፣ ወይም ከዚያው ከ5 ቮልቱ የሚመገብ ሌላ ሴንሰር መስመሩን ወደ ኔጌቲቭ ጐትቶታል፤ ስለዚህም የመሪው ቍጥር ከሌሎች ሴንሰሮች ቍጥር ጋር አብሮ በወጣ ጊዜ፣ የጋራ መጋቢውን አስቀድሞ መመርመር ብልኅነት ነው። 5 ቮልቱ ካለ፣ ኔጌቲቩም ደኅና ከሆነ፣ ሶኬቱ ተመልሶ ተሰክቶ ሞተሩ ሲነሣ፣ በመልእክቱ ሽቦ ላይ ያለው ቮልት መሪው ሲዞር ካልተነቃነቀ ሴንሰሯ ሞታለች ለማለት ይቻላል፤ ይህንም ለማለት ፓምፑ ግፊት ማውጣቱ መታወቅ አለበት፤ መሪው ቀላል መሆኑ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው፣ መሪው የከበደ እንደሆነ ግን በቱቦው መካከል የግፊት ጌጅ አስገብቶ መለካት ያስፈልጋል።

በስዊች ዐይነቷ ላይ ፈተናው ይቀላል። ሲሠራ የሚዘጋ ዐይነት ስዊች በሆነ ጊዜ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሶኬቱን ነቅሎ ሁለቱን የሶኬት ጥርሶች በአጭር ሽቦ ማገናኘት፣ ባለ አንድ ሽቦ ከሆነም ሽቦዋን ከሞተሩ ብረት ጋር ማስነካት ነው፤ የሞተሩ ዙር ጥቂት ከፍ ካለ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደኅና ናቸው፣ ጥፋቱም በስዊቿ ላይ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ግን በግፊት የሚከፈት ስዊች ስለሚሠሩ የመኪናውን መጽሐፍ አስቀድሞ ማየት ይገባል። ይህንኑ ፈተና በባለ ሦስት ሽቦዋ ላይ መድገም የኮምፒውተሩን መጋቢ ሊያቃጥል ስለሚችል ማንም አይሞክረው።

ሴንሰሯ የምትለወጥ ከሆነ ሥራው ረጅም አይደለም፤ የሚፈሰውን ዘይት ተቀብሎ፣ አሮጌዋን ፈትቶ፣ አዲሲቱን በአዲስ ኦሪንግ ማሰር፣ ፓምፑ ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነም ጥርሱ እንዳይላጥ ቁልፉን በልክ ማጥበቅ ነው። የሚዘነጋው የአየሩ ነገር ነው። የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነሥተው በደንብ ከተደገፉ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ ደጋግሞ ማዞር፣ ዘይቱም በጐደለ ቍጥር መሙላት፣ አረፋው ሲጠፋም ሞተሩን አስነሥቶ ያንኑ መድገም ይገባል፤ አለዚያ በዘይቱ ውስጥ የቀረው አየር ግፊቱን እያወዛወዘ አዲሲቱን ሴንሰር ሐሰተኛ ያስመስላታል። ቍጥሩም ከኮምፒውተሩ ከተደመሰሰ በኋላ፣ በአንድ ጉዞ ብቻ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ጉዞ መፈተን አለበት፤ በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ ጥፋቱን በተከታታይ ሁለት ጉዞ ካላየ መብራቱን አያበራምና።

እንደ ቪትዝ ባሉት በብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች፣ በኤሌክትሪክ በሚሠሩት አዳዲሶቹም ላይ፣ መሪው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዝ ዘይትም፣ ፓምፕም፣ የግፊት ሴንሰርም የለም፤ ባለ እነዚያ መኪኖች ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው። ሆኖም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ቀድሞ የገቡት ባለ ዘይት መሪ መኪኖች ገና ለብዙ ዘመን እየተጠገኑ ማገልገላቸው የታወቀ ነው፤ የመለዋወጫቸውም ዋጋ የሚረክስ አይመስለኝም።

ስለዚህ ባለመኪና የሆንህ አንባቢ ሆይ፣ ሴንሰር ወይም ፓምፕ ገዝተህ ና ተብለህ ወደ መለዋወጫ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ከመሄድህ በፊት፣ መካኒኩን በትሕትና ሦስት ነገር ጠይቀው፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ውስጡን እንዲያሳይህ፣ መሪው ሲዞር ስካነሩ ላይ የሚነበበውን እንድታይ፣ መኪናህ ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነችም 5 ቮልቱን በመልቲሜትሩ እንዲያስነብብህ። የመሪው ዘይት እየፈሰሰ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ዘይቱ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል፣ ምርመራውን ለነገ አታሳድረው፤ መኪናዋንም እስክትጠገን ድረስ አትንዳት።